ሐኪም ስንመርጥ

ደሴ ውስጥ በማስተምርበት የሕክምና ኮሌጅ አዲስ ገቢዎችን ከሚመርጡት መምህራን አንዱ ነኝ። ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ያ ሰሞን ሲመጣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ፒያሳ ያለው መንገድ እንኳ ይረዝምብኛል።

መጀመሪያ ያሰለቸኝ «ሐኪም መሆን ለምን ፈለግህ?» እያልን የምናስጽፋቸው ነገር ነው። ሁሉም አያቱ ታመውበት፣ ሁሉም እጃቸውን ይዞ አልቅሶ፣ ሁሉም በዚያው ቀን ቃል ገብቶ! የወሎ አያት በሙሉ ባንድ ጊዜ ታመመ እንዴ? አልኩ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስልካቸው ውስጥ ሆኖ ይጽፍላቸዋል፤ እኔ መነጽሬን እየጠረግሁ አነባለሁ። በልጆቹ አልፈርድም፤ በእጁ ያለውን ማን ይተዋል?

ስለዚህ ዘንድሮ ጽሑፉ ይቅርና አመልካቹ ከእውነተኛ በሽተኛ ጋር ፊት ለፊት ይነጋገር አልን። መመዘኛውን ያረቀቅሁት እኔው ነኝ። ስለ ደረት ሕመም ጠየቀ፣ ነጥብ፤ ስለ ሳል ጠየቀ፣ ነጥብ፤ ስለ መድኃኒት ጠየቀ፣ ነጥብ። ዘመድ ለዘመድ እንዳያደላ ብዬ ነው ያጠበቅሁት።

በሽተኛው ከቢስቲማ ለክትትል ወደ ሆስፒታላችን የሚመጡ፣ ልባቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው፤ ለምነናቸው እሺ አሉን። አመልካቾቹ በተራ እየገቡ «እንዴት ነዎት አባባ?» ሲሏቸው፣ «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። እኛ የጴንጤ ቤት ልጆች «ጌታ ይመስገን» እንላለን እንጂ ነገሩ አንድ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ አገር ደግሞ የሚደበቀው በምስጋና ነው። ልጆቹ ስልካቸው ላይ የተለማመዱበት ሰው ሠራሽ በሽተኛ ግን ሲጠየቅ ሁሉን ዘርግፎ የሚናገር ነው መሰለኝ፣ «ደህና ነኝ»ን እንዳለ ተቀብለው ጥያቄያቸውን እንደ ውሃ አወረዱት። ደረትዎስ? ደህና። ሳልስ? ደህና። ሙሉ ነጥብ አገኙ።

ከዚያ ከኮምቦልቻ የመጣች፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ገባች። ድምጿ በቅጡ አይሰማም። ሽማግሌው «ደህና ነኝ» ሲሏት ወደሚቀጥለው ጥያቄ አላለፈችም።

«አባባ፣ መስጂድ በእግርዎ ይሄዳሉ?» አለቻቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «ትቼዋለሁ ልጄ። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል። ሌሊቱንም ተቀምጬ ነው የማነጋው።»

ሆድ ይፍጀው ብለው ለልጆቻቸው እንኳ አልነገሩም ኖሯል። ለምናክማቸው ለእኛም አልነገሩንም። እሷ ስለ ዳገቱና ስለ ሌሊቱ ስትጠይቅ፣ እሳቸው ሲያወሩላት ሰዓቷ አለቀ።

ነጥቧን ስንደምረው ከሁሉም በታች ሆነ። ስለ ሳል አልጠየቀችም፣ ስለ መድኃኒትም አልጠየቀችም። ንድድ አለኝ፤ ከመጡት ሁሉ ሐኪም የምትሆነው እሷ ናት እኮ አልኩ። ባልደረባዬ ደከም ባለ ፈገግታ መመዘኛውን ማን እንዳረቀቀው ጠየቀኝ። ዛሬ ለእሷ ከጣስነው ነገ ለእገሌ የእህት ልጅ መጣሳችን አይቀርም አለ። እውነቱን ነው፤ ያቃጠለኝም እውነት መሆኑ ነው። የውጤቱ ቅጽ ላይ ፈረምኩ። ልጅቷ ወደቀች።

በማግስቱ ሽማግሌው ወደተኙበት ክፍል ገባሁ። የዚያኑ ዕለት አስተኝተን መድኃኒታቸውን አስተካክለንላቸው ስለነበር ሌሊቱን ትንሽ ጋደም ብለው እንዳደሩ ነርሷ ነግራኛለች። ገና እንዳዩኝ፣ ያቺ ልጅ መቼ እንደምትመጣ ጠየቁኝ። አላለፈችም አልኳቸው።

«ታዲያ ማን አለፈ?» አሉኝ።

አፍሬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ዛሬስ እንዴት ነዎት አባባ?» አልኳቸው።

«አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።