በብብቴ ሥር የያዝኳት ብልቃጥ

ባለፈው ማክሰኞ የሽንት ቧንቧ ሐኪሜ ዘንድ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ነበረኝ። ወንድ ልጅ ስድሳን ሲጠጋ የሚለመደው ዓይነት ቴርሚን ነው፤ ተጠርተህ ትገባለህ፣ ትወጣለህ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ትቀጠራለህ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከፊቴ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ተቀምጠው ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ክዳን ያላት ትንሽ የላስቲክ ብልቃጥ በወረቀት ከረጢት ይዛ መጣችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ቤት ሆነው ማዘጋጀት ይችላሉ። ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይድረስልን፤ ደግሞ እንዳይቀዘቅዝ" አለቻቸው። ወጣቱ መስኮት መስኮቱን ያያል። ከረጢቱን የተቀበለችው ሚስቲቱ ናት።

ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ አልሰማሁም።

እኔ ያችን ብልቃጥ ስቀበል ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከባለቤቴ ከሰብለ ጋር ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር የቁም ሳጥኑ መስታወት የሚንቀጠቀጥበት አሮጌ ቤት ነው። እኔ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ እጭናለሁ፤ እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። እኔ ሻንጣ፣ እሷ ሰው ስናነሳ ውለን ቤት ስንገናኝ፣ ማን ይበልጥ እንደ ደከመው ለማወቅ መነጋገር አያስፈልገንም ነበር።

በተጋባን በአምስተኛው ዓመት ልጅ አልነበረንም። ነገሩ የሁለታችን ብቻ ሆኖ ቢቀር ደግ ነበር። ግን እሑድ እሑድ በተከራየነው አዳራሽ የምንሰበሰብ ምእመናን ሁላችንም እንተዋወቃለን፤ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ሲቀዳ የሴቶቹ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ሰብለ ሆድ ላይ ነው። እናቴም ከደሴ በደወልኩ ቁጥር፣ "ሰብለ ምን ነካት?" ትለኛለች። በየጊዜው ሰብለን ወደ ፊት ጠርተው፣ እጅ ጭነው፣ "ማኅፀኗን ክፈትላት" እያሉ ይጸልዩላታል። እኔ አጠገቧ ቆሜ "አሜን" እላለሁ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የምለው እኔ ነበርኩ።

ሰብለ የሚመረመረውን ሁሉ ተመርምራ ጨርሳለች። ደሙን፣ አልትራሳውንዱን፣ ማኅፀን ውስጥ ቀለም ገፍተው የሚያነሱትን ራጅ ሳይቀር፤ የዚያ ሕመም ሁለት ቀን አስተኝቷታል። ሐኪሟም፣ "ባንቺ በኩል ያገኘሁት ነገር የለም፤ አሁን ባለቤትሽ ይመርመር" ብላ ወረቀት ሰጠቻት። ሰብለ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ወተት ላወጣ ስሄድ እያየሁት ፍሪጁን ስከፍትና ስዘጋ ኖርኩ። ስትጠይቀኝ ፈረቃዬን አመካኛለሁ፤ ፈረቃው ሲቃና ጉንፋን፣ ጉንፋኑ ሲለቅ በሚቀጥለው ወር። አባቴ ዘጠኝ ልጆች የወለደ ሰው ነው። "የሱ ልጅ ሆኜ በብልቃጥ እመረመራለሁ?" እያልኩ ነገሩን ለራሴ ኩራት አስመስለው ነበር። ፍርሃት ነበር እንጂ ምን ኩራት አለው።

አንድ እሑድ ከአዳራሹ ስንመለስ፣ ደረጃውን እየወጣን፣ ሰብለ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ "መስፍን፣ ከእንግዲህ እኔ ወደ ፊት አልወጣም። ሲጠሩኝ አንተ ውጣ" አለችኝ።

በማግስቱ ደውዬ ቴርሚን ያዝኩ።

የካቲት ነበር። ፍራንክፈርት ውስጥ የካቲት በረዶም ዝናብም ያልሆነ ነገር ሲያንጠባጥብ የሚከርም ወር ነው። አራት ቀን ከሚስቴ ተለይቼ እንድቆይ፣ የዘር ናሙናውን ቤት ሆኜ አዘጋጅቼ ሰዓቱን ብልቃጡ ላይ እንድጽፍ፣ ሰውነቴ ላይ አሙቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጊንሃይም ሰፈር ያለው ላቦራቶሪ እንዳደርስ ነግረውኛል። ሰብለ በጠዋት ሥራ ገብታለች። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ፤ ማንም በሌለበት ቤት ለምን እንደ ቆለፍኩ አላውቅም። የታች ጎረቤቶቻችን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ አንድ ቦታ ሽንኩርት ይጠበሳል። ለሦስት ቀን ሻንጣ ሲሸከም የከረመ ወገቤ ይወጋኛል። ሰውነት በትእዛዝ የሚሠራ ዕቃ አይደለም። ብቻ እንደምንም ሆነ፤ ስሜንና "8:10" የሚለውን፣ በኛ ሁለት ሰዓት ከአሥር፣ በእስክሪብቶ ጽፌ፣ ብልቃጧን በካልሲ ጠቅልዬ፣ ከሹራቤ ውስጥ ብብቴ ሥር ወትፌ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ትራም ቶሎ መጣ። ጊንሃይም ወደሚሄደው ስቀይር ግን አንድ የማውቀው ድምፅ፣ "መስፍኔ! ሰላም ነህ ወንድሜ?" አለኝ። የጉባኤያችን ሽማግሌ ጋሽ ወንድሙ ናቸው። አጠገባቸው ያለውን ወንበር መታ መታ አድርገው አስቀመጡኝ።

"እጅህን ምነው አጣብቀህ ያዝከው? አመመህ እንዴ?"

"ትከሻዬን ነው ጋሼ። የሻንጣ ነገር።"

"አይ አንተ ልጅ!" ብለው ሊያሹልኝ እጃቸውን ሲሰነዝሩ ወደ መስኮቱ ሸሸሁ። ደንገጥ ብለው አዩኝና እጃቸውን ሰበሰቡ።

ጥቂት እንደ ሄድን ትራሙ ቆመ። አንድ የጭነት መኪና ሐዲዱ ላይ ቆሞ ዕቃ ያራግፋል፤ ሹፌራችን ደወሉን ቢደውል ቢደውል የሚሰማው የለም። በሩም በመንገድ መሃል አይከፈትም። ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ተኩል አልፏል። ጀርባዬን ላብ አጠመቀው፤ ብብቴ ሥር ያለችው ብልቃጥ ግን የቀዘቀዘች መሰለኝ።

"ለሰብለ ጾም ጸሎት ይዘናል" አሉ ጋሽ ወንድሙ፣ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው። "አንተም ታገሣት። አንዳንድ ወንድ ይሄኔ ሌላ ሌላ ያስባል። አንተ ግን ስትታገሣት ስላየን፣ እኛ ሽማግሎች ሁሌ እናነሳሃለን።"

ታገሣት! ጋሼ፣ እሷ ናት የታገሠችኝ ማለት ነበረብኝ። ብልቃጧን አውጥቼ ማሳየት ነበረብኝ። "እሺ ጋሼ፣ ይጸልዩልን" አልኩ።

መኪናው ሲነሳ ሐዲዱ ተለቀቀ። ላቦራቶሪው ስደርስ ከተሰጠኝ አንድ ሰዓት ስድስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ነጭ ካፖርት የለበሰችው ሴት ጽሑፉን አይታ፣ "ደርሷል" ብላ ከዳቦ ቤት የተላከ ዕቃ ያህል እንኳ ሳትገረም ወሰደችው። ወጥቼ ከማእዘኑ ዳቦ ቤት አንድ ትኩስ ብሮትሸን በቅቤ ገዛሁና፣ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ በላሁት። ጣዕሙን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ እንዲህ የጣመኝ ዳቦ የለም። አልቋል፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ ሐኪሙ ወረቀቱን ወደኔ አዙሮ አስረዳኝ። የዘር ሕዋሶቹ በጣም ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም የሚንቀሳቀሱ አይደሉም። አንድ ምርመራ ፍርድ እንዳልሆነ፣ ከሳምንታት በኋላ እንደሚደገም ነገረኝ። ቀጥሎ በልጅነቴ ስላመመኝ በሽታ ጠየቀኝ። ቃሉን በጀርመንኛ አላወቅኩትም። ያ ትልቅ ሰውዬ ሁለት ጉንጮቹን በአየር ነፍቶ በጣቱ ከጆሮው ሥር አሳየኝ። ጆሮ ደግፍ! በአሥራ አምስት ዓመቴ ይዞኝ፣ ወደ ታች ወርዶብኝ፣ ሁለት ሳምንት መራመድ አቅቶኝ ነበር። እናቴ በሞቀ ጨርቅ ስትተኩሰኝ ትዝ አለኝ።

ቤት ስገባ ሰብለ ኩሽና ቆማ ድንች ትልጣለች። ጥቅል ጎመኑ ተከትፎ ተቀምጧል።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

"ምኑ?"

"ችግሩ። ያልወለድነው በኔ ነው።"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ወይም ታቅፈኛለች።

"ያ ወረቀት ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው መቼ ነው?" አለችኝ።

"ባለፈው ዓመት።"

"ባለፈው ዓመት። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ወደ ፊት ወጣሁ?"

"እኔ እንጃ።"

"እኔም አላውቀውም። አንተ ግን ሁልጊዜ አጠገቤ ነበርክ።" ቢላዋዋን መልሳ አነሳች። "ስላልወለድን ለብቻው አዝናለሁ፤ እሱ የሁለታችን ነው። ይሄኛው ግን ያንተ ነው። አልመረመርም ያልከው፣ ጥፋቱ የኔ ሆኖ እንዲቀር ስለ ፈለግክ ነው።"

እውነቷን ነው። ድንቹን ልጣ ጨረሰች፣ ሠራች፣ በላን።

በሳምንቱ መጨረሻ በስልክ ካርድ ለእናቴ ደወልኩ። "እማዬ፣ ተመርምሬ ነበር። መካኑ እኔ ነኝ እንጂ ሰብለ አይደለችም" አልኳት። መስመሩ ጭር አለ። የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" ስል፣ "ያ ጆሮ ደግፍ ነው?" አለችኝ።

ስለ ጆሮ ደግፍ ትንፍሽ አላልኩም ነበር።

"ታውቂ ነበር?"

"ያኔ ድሬሰሩ ነግሮኛል። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አለኝ። እግዜር ያውቃል ብዬ ተውኩት።"

"ታዲያ ሰብለ ምን ነካት እያልሽ..."

"ልጄ አይደለህ?" አለችኝ።

ልቆጣት አፈርኩ። እሷ ስለኔ ያደረገችውን እኔም ለራሴ አድርጌዋለሁ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወንበር ስንደራርብ ጋሽ ወንድሙን ገለል አድርጌ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። "ይሄ እንኳ በጆሮ የሚነገር ነው፤ ለሰው እንዳታወራው" አሉኝ። "ለሷ የተጸለየው ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነው ጋሼ" አልኳቸው። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሰብለ ጠረጴዛ ወደምትወለውልበት ሄደው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ሰብልዬ፣ በድለንሻል" አሏት። "ምንም አይደለም ጋሼ" አለች። ምንም አይደለም ማለቷ ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ምርመራም ያንኑ አሳየ። ክሊኒክ ገብተን ሦስት ጊዜ ሞከርን። በሦስተኛው ተፀንሶ ዘጠኝ ሳምንት ቆየ። ከዚያ በቃን ያለችው ሰብለ ናት፤ እኔም እሺ አልኩ። ሁለት እንደሆንን ቀረን።

አሁን ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ነው የምንኖረው። የሷ ጉልበት አልቋል፣ የኔም ወገብ። ልጅ ማጣት ያደክማል ይላሉ፤ ያደክማል። እኔን ይበልጥ ያደከመኝ ግን የወረቀቱ ውጤት አይደለም፤ ወረቀቱን ፈርቼ ሸክሜን በሰው ትከሻ ላይ ያቆየሁበት ያ አንድ ዓመት ነው። በሽታውን አልመረጥኩትም፤ ዓመቱን ግን መርጬዋለሁ።

ማክሰኞ ከሐኪም ስመለስ ሰብለ በረንዳ ላይ ቲማቲሟን ታጠጣ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ያለፈውን ጥያቄ ያን ቀን ጠየቅኳት።

"ሰብለ፣ ያኔ ለምን ጥለሽኝ አልሄድሽም?"

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

"ሄጄ ነበር እኮ" አለች። "አንተ አላወቅክም እንጂ፣ ሦስት ወር ያህል እዚያው ቤት ውስጥ ሆኜ ሄጄ ነበር። በኋላ ደከመኝና ተመለስኩ።"

ባዶውን ማጠጫ ተቀብያት ውሃ ልሞላ ገባሁ።