ከክሬሰንት ታውን ጀርባ የበቀለው ጦስኝ

ባለፈው ሳምንት በስደት ካደግንበት ከክሬሰንት ታውን ሕንፃዎች ጀርባ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ስሄድ፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ ልጅ የመሰለ ፈዛዛ ሐምራዊ አበባ ክርኔን ነካው፤ ቅጠሉን አሸት አድርጌ ሳሸተው የጦስኝ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። እዚያው ቆምኩ። ወንድሜ ሄኖክ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው።

ይህን አበባ መጀመሪያ ባገኘሁበት ሳመር እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እሱ አሥራ ሰባት። እናታችን ሆቴል ስታጸዳ የያዛት ሳል አልለቅ ብሏት፣ ከአገር ቤት ያመጣችው ጦስኝ ደግሞ አልቆባት ነበር። እኔ ወንዙ ዳር ሽታውን አገኘሁትና ክንዴ እስኪሞላ ነቅዬ አመጣሁ።

“ጦስኝ እዚህ ማን ተከለልህ፣ አንተ ጩጬ?” አለ ሄኖክ። ከላይብረሪ ስለ ሣር ሜዳ አበቦች የተጻፈ መጽሐፍ አምጥቶ አበባውን ከሥዕሉ ጋር ሲያስተያይ ቆየ። ለካ ጦስኝ አይደለም፤ ስሙ ዋይልድ ቤርጋሞት ነው፤ ግንዱ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ፤ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ለጉንፋንና ለሳል አፍልተው ይጠጡት ነበር። አንዱን ግንድ በጣቶቹ አሽከረከረና “ፐርፌክት” አለ። አፈላው። አገር ቤት ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የለ፣ እሱም “እማዬ ከመጠጣቷ በፊት እኔ ልቅመሰው” ብሎ... መዳፍ ሳይሆን አንድ ሙሉ ብርጭቆ ጨለጠ።

እኔ ቆርጦ ካፈላው የተረፈውን ግንድና ቅጠል ልጥል አነሳሁ። አንዱ ግንድ አራት ማዕዘን ነው። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ክብ ነበር። አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም። ስነቅል ሳላይ ሌላ ነገር አብሬ ጎትቻለሁ። ሄኖክ ሶፋው ላይ ሆኖ ያፏጫል፤ ፉጨቱ ባቆመ ቁጥር ልቤ አብሮ ይቆማል። በመጨረሻ ግንዱን ዘረጋሁለት።

ፊቱ ተለወጠ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ገለጠው፤ ያ ቅጠል የለበትም። መርዝ ለጠጣ ሰው ወተት እንደሚሰጥ ሰምቼ ስለነበር፣ እያለቀስኩ አንድ ሙሉ የላስቲክ ወተት አስጠጣሁት።

“ኧረ በመርዙ ሳይሆን በወተቱ ገደልከኝ!” አለ ሆዱን ይዞ። እየሳቀ ነው፤ መጽሐፉን ግን እንደገና ይገልጣል። ለእናታችን ስልክ እንዳልደውል ከለከለኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰዓቱን ስናይ ቆየን። አንድ ሰዓት አለፈ። ምንም አልሆነም።

እናታችን ስትገባ ሻዩን ደፍተነው ነበር።

“ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?”

“ወተቱን ጨረስኩበት” አለ ሄኖክ።

ሳቀች፣ ሳሏ እስኪነሳ። በማግስቱ እያንዳንዱን ግንድ እየዳሰስን ለቅመን አፈላንላት፤ እሷም ጦስኝ ነው ብላ ጠጣችው።

እውነቱን እስከ ዛሬ አታውቅም። ባለፈው እሑድ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ስለ እሱ የማታውቀው ነገር ብሰጣት ደስ የሚላት መሰለኝ። ጀመርኩና መሃል ላይ ጠፋኝ፤ ተውኩት። ሄኖክ የተቀመጠበት ያ ሶፋ ቀለሙ ምን ነበር? እንዲህ ያለውን የምጠይቀው እሱን ነበር።