የሚካኤል ማግስት

ዛሬ ጠዋት ከአፓርታማችን ስወርድ የጽዳት ሠራተኛዋ ደረጃውን በቀይ ሰም ስትወለውል ደረስኩ፤ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ሥራ እንደረፈደብኝ ረስቼ ቆምኩ። ለእኔ ይህ ሽታ ያደግኩበት ሰፈር የሮዘተንቪል ሽታ ነው፣ የጎጎ ታንዲ በረንዳ ሽታ።

ጎጎ እዚህ ጆሃንስበርግ ሴት አያት የምትጠራበት ቃል ነው፤ ጎጎ ታንዲ ግን ዘመዳችን ሳይሆኑ የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። የአንግሊካን ምእመን ስለሆኑ ወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የቤተ ክርስቲያናቸው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ትልልቆቹ በዓላት በቀይ፣ ትንንሾቹ ቅዱሳን ደግሞ መነጽር በሚያስደርግ ደቃቃ ጥቁር ፊደል። በረንዳቸውን የሚወለውሉት ታዲያ በቀዮቹ ሳይሆን በእነዚህ ማንም ልብ በማይላቸው ቀናት ነበር። "ትልልቆቹን ሁሉም ያስባቸዋል፣ እነዚህን ምስኪኖች ማን ያስባቸዋል?" ይሉ ነበር ተንበርክከው ሰሙን እያሹ፣ ምስኪኖቹ ከሰዓት በኋላ ሻይ ሊጠጡ የሚመጡ ይመስል። ከሆሳዕና ከተማ የመጣችው እናቴ፣ የለየላት ጴንጤ፣ ይህን ሁሉ ከአጥሩ ወዲህ ሆና እያየች ራሷን ትነቀንቃለች።

የእኔ ችግር ልደት ነበር። የመኖሪያ ወረቀታችን ሲወጣ እማዬ ቀኔን በፈረንጅ አቆጣጠር መናገር ስላቃታት ጸሐፊው ጃንዋሪ አንድ ብሎ ገላገላት፤ በዚያ ቀን ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሰውም ሌሊቱን ርችት ሲተኩስ አድሮ ተኝቷል። የክፍሌ ልጆች በየተራ ኬክ ይዘው እየመጡ ሲዘመርላቸው ለእኔ አንድም ቀን አልተዘመረልኝም። ስነፋረቅ ጎጎ አገኙኝና እጄን ይዘው ወደ እማዬ ሄዱ፤ ይህች ልጅ መቼ ነው የተወለደችው ብለው አፋጠጧት። እማዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ "የሚካኤል ማግስት" አለች፣ ወዲያው ፊቷ በርበሬ መሰለ። ጻድቃንና መላእክት አያማልዱም ስትል የኖረች ሴት! "ምን ላድርግ፣ አገሩ በሙሉ ቀን የሚቆጥረው በሱ ነው" አለችኝ በአማርኛ፣ እኔ የከሰስኳት ይመስል።

ጎጎ ግን እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ወጥ ቤታቸው ይዘውኝ ገብተው ጣታቸውን በቀን መቁጠሪያው ላይ አስኬዱ፤ ሚካኤል፣ ሴፕቴምበር ሃያ ዘጠኝ። በማግስቱ፣ በደቃቃ ጥቁር ፊደል፣ ጀሮም። ዕድሜውን መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጉም የፈጀ ነጭናጫ ሽማግሌ ነው አሉኝ፤ እኔም የራሴ ነጭናጫ ሽማግሌ ኖረኝ ብዬ ኮራሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በጀሮም ቀን በረንዳው ይወለወላል፣ የዝንጅብል ኬክ ይጋገራል፣ የሰፈሩ ልጆች ተጠርተው ይዘምሩልኛል፣ እኔም ሰም የነካው ቀሚሴን ዘርግቼ እንደ ንግሥት እቀመጣለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንድ ቀን ስልኬ ላይ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስነካካ ሴፕቴምበር ሃያ ዘጠኝ መስከረም አሥራ ዘጠኝ ላይ ዋለብኝ፤ ሚካኤል ደግሞ በወር በገባ በአሥራ ሁለት ነው፤ ነገሩ አላምር አለኝና እማዬን የትኛው ሚካኤል እንደሆነ ጠየቅኳት። ሳቀች። "የኅዳሩ ነዋ!" በፈረንጆቹ ኖቬምበር ሃያ ሁለት መወለዴ ነው፤ ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው! እሷ ግን ስህተቱ የገባት የመጀመሪያው ኬክ በተበላ በሳምንቱ ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ "አይ አንቺ! ሴትዮዋ ያን ያህል ደክመው፣ አንቺም ጥርስሽን ገልጠሽ፣ በምን አፌ ላፍርሰው?" አለችኝ። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ አንድ ቀን ማለዳ እጇን ራሴ ላይ ጭና ረጅም ጸሎት የምታደርገው ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ጎጎ በዚህ ክረምት አረፉ። ቤቱን የገዙት ሰዎች በረንዳውን ሴራሚክ አለበሱት። መሥሪያ ቤቴ ወረቀቱን አይቶ በጃንዋሪ፣ ጓደኞቼ ደግሞ በኖቬምበር መልካም ልደት ይሉኛል፤ ዛሬ ግን ሴፕቴምበር ሠላሳ ነው፣ ይህችን የተሳሳተች ቀን የሚያስብልኝ ጠፋ እያልኩ ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ።

ስልኬ ጠራ። እማዬ ናት። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ የቸርች እህቶች እንዳይሰሟት ይመስለኛል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ዛሬ ጀሮም ነው አይደል?" አለችኝ።

አዎ እማዬ፣ ጀሮም ነው አልኳት። ከእንግዲህ ይህን ቀን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን።