እህቴና አንድ ጆሮዋ

እኔን ብዙ ነገር አያስደንቀኝም፤ ኑሮ አሰልችቶኛል። እህትዬ ግን ያን ቀን ልቤን አስዘለለችው!

ታላቄ ናት። በልጅነቷ ታማ ቀኝ ጆሮዋ አይሰማም። ስፌት ቤታችን ውስጥ የሚሠሩት ሴቶች «ግማሽ ጆሮ» ሲሏት፣ «ለእናንተ ሐሜት ግማሹም በዛ» ትላለች። ከስፌት መኪኖቹ አንዱ ተበላሽቶ ሲንኳኳ፣ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዐይኗን ጨፍና ባለችበት ቀስ ብላ ትዞራለች። ድምፁ ሲጎላላት፣ ደህናው ጆሮዋ ወደዞረበት ትሄዳለች።

ያን ቀን ትንሿ ልጄ ከአጠገቤ ጠፋች። «እማ!» የሚል ለቅሶ ይሰማኛል። በመስኮቱ አንዲት ሕፃን አፏን ከፍታ ስታለቅስ አየሁና በሩጫ ወጣሁ። የሌላ ሰው ልጅ ናት! ስመለስ መኪኖቹ ቆመዋል፤ ሴቶቹ ግን «ለቅሶው በዚህ ነው!» «ኧረ በዚያ!» እያሉ ይንጫጫሉ።

እህቴ ዐይኗን ጨፍና መዞር ጀመረች።

«ምነው፣ ዳንስ አማረሽ?» አለቻት አንዷ።

ድንገት ቆመች። ጆሮዋን አስቀድማ፣ በጎኗ ወደ ጨርቁ ክምር ሄደች። የተናደውን ጨርቅ ተሻምተን አነሳን። ልጄ ላብ በላብ ሆና ብቅ አለች! ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

እህቴ ልጄን አቀፈቻትና ሰጠችኝ።

«በይ ያዣት፣ ባለ ሁለት ጆሮዋ!»