የእንግዳው አንሶላ

በምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ በእነ የሺ ሰፈር፣ አንሶላው የሳሳበትና ፎጣው የሻከረበት ሁሉ ወደ እሷ ይሮጣል። እሷም ቆጣ እያለች ትመክራለች። በረኪና ጨርቅ ይበላል፣ ተዪው። ነጭ ነገር ዛፍ ሥር አታስጪ፣ አባ ኮዳ የሚሉት ወፍ ኩሱን ጥሎ ያበላሽብሻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያስቀመጥሽውን እያወጣሽ እጥፋቱን ቀይሪ፤ ዓመት ሙሉ በአንድ መስመር የታጠፈ ጨርቅ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል።

«እትዬ የሺ፣ ለጨርቅ የሚሳሱትን ያህል ለራስዎ ቢሳሱ ምን አለበት?» እያለች ጎረቤቷ ሰላማዊት ትስቅባታለች። የሺ የእጥፋቱን ምክር በአንዱ አንሶላዋ ላይ እንደማትፈጽመው ግን ሰላማዊት አታውቅም።

አንሶላው ነጭ አቡጀዲ ነው፤ ግራና ቀኝ ዳሩን በሰማያዊ ክር የጠለፈችው ራሷ የሺ ናት፣ ያኔ አዲስ ሙሽራ ሳለች። ስታርች ውስጥ ነክራ፣ ተኩሳ፣ መሐሉ የገላ ሳሙና ሸጉጣ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። የእንግዳ ነው። እንግዳ ሲባል ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ ወንጌላዊ እንጂ የአክስት ልጅ አይደለም። እንዲህ ያለው እንግዳ ሆቴል እያረፈ አንሶላው ሲጠብቅ ኖረ።

ባሏ ወልደአማኑኤል ታሞ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ «የሺዬ፣ እስቲ ያንን አንሶላ አንጥፊልኝ። ይሄኛው ጀርባዬን ሻከረኝ» አላት። የተኛበት የተጣጣፈ ነበር።

«እሱ የእንግዳ ነው እኮ፣ ወልዴ» አለችው። ክፋት አስባ አይደለም፤ አፏ የለመደውን ነው የተናገረችው።

ወልደአማኑኤል ፈገግ አለ። «እኔስ ብሆን እንግዳ አይደለሁ? ስንት ቀን ልቀመጥ ብለሽ?»

ሳምንት ሳይሞላው በዚያው በተጣጣፈው ላይ አረፈ።

ከዚያ ወዲህ የቁም ሳጥኑን በር በከፈተች ቁጥር ከጀርባዋ፣ ከአልጋው በኩል፣ ትሰማዋለች። «ስንት ቀን ልቀመጥ ብለሽ?» ዘወር ስትል ማንም የለም። ጠዋት ወጥራ ያነጠፈችው አልጋ ግን ቀትር ላይ ስትገባ በእሱ በኩል ተጨማድዶ ይጠብቃታል፤ ሰው ተኝቶበት የተነሳ ነው የሚመስለው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብትነግራቸው ክፉ መንፈስ ነው ብለው ሊያስወጡላት ተሰብስበው ይመጣሉ። እሷ ደግሞ ድምፁን ትፈራዋለች እንጂ እንዲባረርባት አትፈልግም። ስለዚህ ልብሷን ወደ ሻንጣ አዛወረችና በሩን መክፈት ተወች። አንሶላው በዚያው በአንድ እጥፋት ላይ ዓመታት ተኛ።

ዘንድሮ ሰላማዊት እየተጣደፈች ገባች። «እትዬ የሺ፣ ለጉባኤው ከአርባ ምንጭ የሚመጡት ወንጌላዊ እርስዎ ቤት ይረፉ ተብሏል! ያ የእንግዳ አንሶላዎ ቀን ወጣለት!»

የሺ ብቻዋን ስትቀር የቁም ሳጥኑን በር ከፈተች። ድምፁ ወዲያው መጣ። ጥርሷን ነክሳ አንሶላውን አወጣችና አልጋው ላይ ስባ ዘረጋችው። ከራስጌ እስከ ግርጌ፣ ልክ በመሐል እጥፋቱ ላይ፣ ተሰነጠቀ። ሰፈሩን ሁሉ ስትቆጣበት የኖረችው ጥፋት በገዛ ቤቷ ደረሰ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ለአንሶላው ግን አልነበረም።

ወንጌላዊው በዘወትር አንሶላ ላይ አደሩ። ጠዋት፣ «እግዚአብሔር ይባርክዎት እናቴ፣ እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ!» ብለዋት ሄዱ። የተኙበት ጥልፍ ይኑረው አይኑረው እንኳ አላዩም። ይሄ የሺን ከስንጥቁ የባሰ አንገበገባት። ባሏን የከለከለችው ለዚህ ነበር?

በዚያው ቀን ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። መሐሉ ያለቀ አንሶላ መዳኛው ይታወቃል፤ ለሁለት ቀደው ጤነኛውን ዳር ከዳር ይገጥሙታል። ያለቀውን ቆርጣ ጣለች፣ ዳርና ዳሩን ሰፋች፤ ግራና ቀኝ ተለያይተው የኖሩት ሰማያዊ ጥልፎች መሐል ላይ ተገናኙ።

ሰላማዊት ብቅ ብላ አየችው። «ውይ! እንዲህ መሐሉ የተሰፋ ለእንግዳ ይነጠፋል?»

«አይነጠፍም» አለች የሺ። «ከእንግዲህ የቤት ነው።»

ሰላማዊት ስትወጣ አነጠፈችው። ስፌቱ በእሷና በእሱ ቦታ መካከል ወረደ። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ በራሷ በኩል ጋደም አለችና፣ «ተነጥፎልሃል፣ ወልዴ» አለች ጮክ ብላ።

ጆሮዋን ጣለች። ምንም የለም። ተነስታ የቁም ሳጥኑን በር ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። ዝም ነው። ተመልሳ ተኛችና እጇን ከስፌቱ አሻግራ በእሱ በኩል ዳበሰች። የሺ እስኪመሽ ጠበቀችው፤ አንሶላው በእሱ በኩል አልተጨማደደም።