ያልታጠነው ጋን

ልጅ ሳለሁ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የአክስቴ የእትዬ ዘነበች ጠጅ ቤት ነበረ። ያኔ ማታ ማታ የሰፈሩ ልጆች ምድጃዋ ዙሪያ ኩርምት ብለን፣ የወይራው ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ በኩራዝ ብርሃን የጅብና የጦጣ ተረቷን እንሰማ ነበር።

አንድ ጊዜ ለአንድ ባላባት ልጅ ሰርግ ጠጅ እንድትጥል ታዘዘች። ሙያዋን ተማምና ጋኖቹን በግራዋ ቅጠል አሳጠበች እንጂ በወይራ አላጠነችም። «የእኔ ጋን እንኳን ሳይታጠን፣ ማር ሳይገባበትም ጠጅ ይሆናል» አለች። ጠጁ ኮመጠጠ። ሰርገኛው ፊቱን አጨፍግጎ ብርሌውን መለሰ፤ በነጋታው አራዳ በሙሉ «ሆምጣጤ ጣይ» አላት። ደንበኛው ሁሉ ቀረ፤ እናቴ ቤቱ ሊዘጋ ነው ብላ አለቀሰች።

አክስቴ ግን በዚያው ሰሞን በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ መንገደኛው እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ተረት ተረት» አለችን።

«የላም በረት» አልን።

«ጋኗን ማጠን የናቀች አንዲት ጠጅ ጣይ ነበረች…»

የሙሽራውን አባት ፊት፣ የአሳላፊውን ድንጋጤ፣ የራሷንም ጉራ እያስመሰለች ስታወራ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በየምሽቱ ደገመችው፤ በሩ ላይ የሚቆመውም ሰው እየበዛ ሄደ። እናቴ «ኧረ ተዪው፣ ይረሳ» ስትላት፣ «እኔ ያበላሸሁትን ከእኔ በላይ ማን አሳምሮ ያወራዋል?» አለቻት። ጥርስ ባዳ ነው፤ ሰዉ ከተበተነ በኋላ ሳቋ ጠፍቶ ብቻዋን እሳቱን ስትቆሰቁስ አይቻለሁ። ቢሆንም በጓዳ ሌላ ጋን አጥና ጠጅ ጥላ ነበር።

ጠጁ በደረሰ ጊዜ፣ ያን ስም ያወጣላት ኮርቻ ሰፊው ጋሽ ድልነሳ በሩን ተደግፎ፣ «እትዬ ዘነበች፣ ዛሬስ ሆምጣጤ አለዎት?» አላት። ከአዲሱ ጋን በብርሌ ቀድታ ሰጠችው።

«ቅመሰው። ከኮመጠጠህ ከነገ ጀምሮ ተረቱን አንተ ታወራዋለህ። ካልኮመጠጠህ ገብተህ ተቀመጥ።»

ቀመሰ። ከዚያ ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ጨልጦ ባዶውን ብርሌ ዘረጋላት።

እኔም ካደግሁ ወዲህ በብዙ ነገር ወድቄአለሁ። በወደቅሁ ቁጥር ያ የወይራ ጭስ ይሸተኛል፤ ሳቁን ለሰው አልተውም፣ በሬን ከፍቼ ተረቱን ራሴ እጀምረዋለሁ። ተረቱ ሲያልቅ ግን ተነሥቼ፣ እንደ እሷ፣ የራሴን ጋን አጥናለሁ።