ቁጭ ብሎ መብላት

ሳን ሆዜ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሁላችንም ምሳችንን ቆመን ነው የምንበላው፤ ጊዜ የለማ! ከሕንድ፣ ከኬረላ የመጣችው ነርስ ግን ብሬኳ አሥር ደቂቃም ቢሆን ጠረጴዛውን ጠርጋ፣ ሳህኗን አስተካክላ፣ ቁጭ ብላ ነው የምትበላው። ኩራት መስሎኝ ያናድደኝ ነበር። አንድ ቀን አላስችል አለኝና «ምነው፣ የንግሥት ልጅ ነሽ እንዴ?» አልኳት።

«የጭሰኛ ልጅ ነኝ» ብላ ሳቀች።

እናቷ በባለመሬቱ ግቢ ሲሠሩ ምግብ የሚሰጣቸው መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ፣ የሙዝ ቅጠል ተነጥፎበት ነበር። በኋላ እነሱም አገር የመሬት አዋጅ መጣና ጎጆአቸው ያረፈችበት ቁራሽ መሬት የራሳቸው ሆነ። ከእንግዲህ ማንም ተነሺ አይላቸውም። መጀመሪያ ያሠሩት ጠረጴዛ ነው። ልጆቻቸውን እዚያው አስቀምጠው አበሉ፣ እዚያው አስጠኑ። እንዴት ያሉ ሴት ናቸው!

የእኛ ቤት መሬት የተወረሰው ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ የእኛን አገር አዋጅ እስኪሞት ድረስ ረግሞታል፤ እኔም አብሬው። የዚያን ቀን እሷን ስሰማ ግን ጭሰኞቻችን የት ይበሉ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ደጅ፣ ከውሾቹ አጠገብ።

ሳልደብቅ ነገርኳት። አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳብ አድርጋ፣ «ነይ፣ ቁጭ ብለሽ ብዪ» አለችኝ።